መልስ፦ ለቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) ምርመራ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽንና የክሪስፐር ስትሪፕ (ውጤቱን በመስመር የሚያሳየው መመርመሪያ ወረቀት) አንድ ናቸው ወይ ላልከው
አይ ወንድሜ ይለያያሉ፣ ሁለቱም የጀርሙን ዘረመል ነው የሚፈልጉት እንጂ። ጂን ኤክስፐርት ፒሲአር በሚባል ዘዴ ነው የሚሠራው፣ ማሽኑ እያሞቀ እያቀዘቀዘ ዘረመሉን ያባዛና ቲቢ መኖሩን፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት መቋቋሙንም ጭምር 2 ሰዓት አካባቢ ውስጥ ይነግርሃል፣ ግን መብራት ይፈልጋል፣ እዚህ ሀዋሳ መብራት ሲሄድ እንዴት እንደምንሆን ታውቀዋለህ መቼም። ክሪስፐሩ፣ በፈረንጅ 2017 ሼርሎክ ብለው ያወጡት፣ ካስ13 የሚባል ኢንዛይም አለው፣ የሚፈልገውን አርኤንኤ (ከዘረመሉ የሚገለበጥ ቅጂ ነው) ካገኘ በቃ ያብዳል፣ አጠገቡ ያለውን አርኤንኤ ሁሉ ይቆራርጣል፣ ምልክት የተደረገበት አርኤንኤ አብሮ ሲቆረጥ ነው ስትሪፑ ላይ መስመር የሚታየው። 37 ዲግሪ ይበቃዋል፣ የሰውነት ሙቀት ማለት ነው። ችግሩ ናሙናው ነው፣ አክታን የመሰለ ወፍራም ነገር እቤት ማዘጋጀት ቀላል እንዳይመስልህ። አንተ ግን ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈህ ስትሪፕ አትጠብቅ፣ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታ ስጥ።