«ጋሼ፣ ዛሬ ይበረራል?»

ደብረ ማርቆስ ላይ የፓራግላይዲንግ (በገመድ በተንጠለጠሉበት የጨርቅ ክንፍ ከተዳፋት ተነስቶ የመብረር) ክለብ ለማቋቋም ያሰቡ ወጣቶች ጥያቄዎቻቸውን ጽፈው ሰጡኝ። መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ አደጋ የሚመጣው ክንፉ ሲቀደድ ነው?

መልስ፦ እሱ እምብዛም አያጋጥምም። አብዛኛው አደጋ ከሰው ውሳኔ ይመጣል። ውሳኔው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና መሬት ላይ ሳለን የሚወሰን ነው።

ጥያቄ፦ ከመነሳታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የእግር ማሰሪያ፣ ማለትም ከበራሪው መቀመጫ ጋር ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ! እሱን ረስቶ የተነሳ ሰው ከመቀመጫው ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። በሃንግ ግላይዲንግም (የብረት አጽም ባለው ክንፍ በሚበረረው) ራሳቸውን ከክንፉ ጋር ሳያያይዙ ሮጠው የሞቱ አሉ። እኔ አንድ ቀን እየታጠቅሁ ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። አወራሁና ክንፌን ላነሳ ስል፣ አጠገቤ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ግራ እግርህ!» ብሎ ጮኸ። አልታሰረም ነበር። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ፍተሻዬ ከተቋረጠ እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ። እናንተም ሌላ ሰው ሳያያችሁ አትነሱ። ሄልሜት፣ የደረት ማሰሪያ፣ ገመዶች፣ የመጠባበቂያ ፓራሹቱ እጀታም ይታዩ።

ጥያቄ፦ ዓባይ በረሃን ከደጀን በኩል አይተን ልባችን ሸፈተ። ከዚያ ብንነሳስ?

መልስ፦ የእኔም ልብ ሸፍቷል። ግን የጀማሪ ቦታ አይደለም። ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ታቹ ሲግል የሞቀው አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት ለስለስ ያለው ነፋስ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ነፋስ ነው። ከጀርባችሁ ከመጣ ደግሞ ገደሉን እንዳለፈ ይሽከረከራል፤ ክንፍ ያጣጥፋል። ታች ብትወድቁስ ማን በስንት ሰዓት ይደርስላችኋል? መጀመሪያ ሽቦ የሌለበት፣ ሣር የለበሰ ለስላሳ ተዳፋት ፈልጉ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ተለማመዱ። ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ግን ክንፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የከተማችን ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። ወደ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባህር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። እዚያ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ክንፍ እዚህ ወደ 40 ይደርሳል። ስትነሱ ብዙ ትሮጣላችሁ፤ ስታርፉም ፈጥናችሁ ትመጣላችሁ።

ጥያቄ፦ በክረምትስ?

መልስ፦ ወደ ላይ የሚቆለል ጥቁር ደመና ካያችሁ ዕቃችሁን ሰብስቡ። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት በራሪ ደመና መጥጧት ወደ 10,000 ሜትር ወጣች። ራሷን ስታ በተአምር ተረፈች። በዚያው ማዕበል የተያዘው ሌላ በራሪ ሞቷል።

ጥያቄ፦ ማሳ ላይ ብናርፍ ችግር አለው?

መልስ፦ ጤፍ ረግጦ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም። ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጆችም እየሮጡ ይመጣሉና ገመድ እንዳይጠላልፋቸው ታች የሚቆም ሰው ይኑር።

ጥያቄ፦ «ዛሬ አይበረርም» የሚለው ማነው?

መልስ፦ በየቀኑ አንድ ሰው መድቡ። በዚያ ቀን እሱ ራሱ አይብረር፤ መብረር የጓጓ ሰው ነፋሱን አሳንሶ ያያል። አይሆንም ካለ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ እንግዳ ቢኖርም አይሆንም።