ስቶክ ኦን ትሬንት የሰሜን ከተማ ናት ወይስ የሚድላንድስ?

የእንግሊዟ ስቶክ ከሰሜን ትቆጠራለች ወይስ ከሚድላንድስ (ከመካከለኛው እንግሊዝ) ላልከው፣ በወረቀት ላይ ክርክር የለውም፤ በስታፎርድሽር ያለች የዌስት ሚድላንድስ ክልል ከተማ ናት። ቅጽ ስትሞላም ይህንኑ ምረጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክልሉን ዌስት ሚድላንድስ ከሚባለው ካውንቲ ጋር ሲያምታታ ነው፤ ካውንቲው በርሚንግሃምና ዙሪያዋ ነው፣ ስቶክ የለችበትም።

ነዋሪውን ከጠየቅህ ግን ሌላ ነው። ማንችስተር ከበርሚንግሃም ትቀርባለች፤ አጎራባቹ ቼሽርም ከሰሜን ምዕራብ ክልል ነው። ሰው ሲጠሩ «ደክ» (ዳክዬ) ማለታቸው ደግሞ ከሚድላንድሶቹ ከደርቢና ከኖቲንግሃም ጋር ያዛምዳቸዋል። ኦትኬካቸው ከአጃ ዱቄትና ከእርሾ ተቦክቶ እንደ እንጀራ ምጣድ ላይ የሚፈስ ስስ ቂጣ ነው፤ የደርቢሽሩ ወፈር ይላል።

ስለዚህ ብዙዎቹ ሁለቱንም ትተው በሸክላ ሥራው ስም «ፖተሪስ» ይሉሃል። ከዚያም ወደ ሰፈር ይወርዳል፦ ከተማዋ በ1910 እ.ኤ.አ. ከስድስት ከተሞች፣ ከተንስታል፣ በርስለም፣ ሃንሊ፣ ስቶክ፣ ፌንተንና ሎንግተን የተዋሐደች ናት። የበርስለሙ የእግር ኳስ ክለብ ፖርት ቬል ነው፤ ደጋፊውን የተቀናቃኙ የስቶክ ሲቲ ነህ እንዳትለው! ቀጠሮ ስትይዝም ተጠንቀቅ፤ መሀል ከተማው ሃንሊ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ግን ስቶክ በሚባለው ክፍል ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል።