ማዳም ጋር የተቀመጠ ደመወዝ ያንቺ አይደለም

ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ገና ለገባሽው እህቴ ነው የምጽፈው። ኩዌት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያላችሁትም አንብቡት። ቆጣ ካልኩ አትቀየሙኝ።

ባለፈው እሑድ ዶራ አደባባይ አጠገብ አንዲት ልጅ አገኘሁ። ከመጣች 11 ወሯ ነው። ፀጉሯን በነጠላ ሸፍና ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር። ጨዋታ ይዘን "ደመወዝሽን በየወሩ ትቀበያለሽ?" አልኳት። "ማዳም ትይዝልኛለች፣ አገሬ ስገባ በአንዴ ትሰጠኛለች" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያቺን ንግግር ቃል በቃል አውቃታለሁ። በ2019 እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነበር የምመልሰው። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

1. ወረቀት

ፓስፖርትሽን ፎቶ አንስተሽ ለእናትሽ ላኪ። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ የሚያልቅበትን ቀን እወቂ። የውልሽን ቅጂ ያዢ። ይህን ማንም ይነግርሻል፣ እኔ አልፌዋለሁ።

2. ደመወዝ በየወሩ፣ በእጅ

አሠሪዎቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ "የኔ ማዳም ጥሩ ሴት ናት" እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው። የኔም ጥሩ ነበረች። ስታመም ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። በፋሲካ ፈቃድ ትሰጠኝ ነበር።

ደመወዜ በወር 200 ዶላር ነበር። "ያዢልኝ" ያልኳት እኔ ራሴ ነኝ። እጄ ላይ ካለ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል እምቢ ማለት አልችልም። የአንዱ ሠርግ፣ የአንዱ ተዝካር፣ የአንዱ ባጃጅ። እሷ ጋር ይሻላል አልኩ። እሷም በስሟ ባንክ ውስጥ በዶላር አስቀመጠችው። የዚያን ጊዜ የሊባኖስ ባንኮች ለዶላር ጥሩ ወለድ ይከፍላሉ፣ ሰው ሁሉ ቆጥቦ የሚያስገባው እዚያ ነው። "ከዚህ የበለጠ ቦታ የት አለ?" አለችኝ። ለ19 ወር ተቀመጠ። 3,800 ዶላር።

ባንኮቹ ግን የሕዝቡን ዶላር ለማዕከላዊ ባንኩና ለመንግሥት አበድረውት ነበር። የአገሩ ገንዘብ ሊራ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ታስሮ ስለኖረ ሁሉም የማይነቃነቅ መስሎት ነበር። አዲስ ዶላር መግባት ሲቀንስ የድሮው የሚከፈልበት ጠፋ።

ጥቅምት 17 ቀን 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ሊጥል መሆኑ ተሰማ። ለኛ ዋትስአፕ የእናት ድምፅ ነው፣ ለእነሱም እንደዚያው። ያን ማታ ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጣ፣ ከተማው የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ባንዲራ የያዘው ሁሉ "ኩልን የዕኒ ኩልን" ይላል። ሁሉም ማለት ሁሉም፣ ባለሥልጣን የተባለ በሙሉ ይውረድ ማለት ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰው ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ ድስት ይደበድብ ጀመር። ማዳም በማንኪያ ድስት ስትመታ እኔም ክዳኑን ይዤ አብሬ መታሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። የኔም ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ባንኮች ሁለት ሳምንት ዘጉ። ሕዳር 1 ሲከፈቱ ሕዝቡ ገንዘቡን ማየት እንጂ ማውጣት አልቻለም። በሳምንት ጥቂት መቶ ዶላር፣ ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያ ጭራሽ በሊራ ብቻ። ሚስተር፣ የማዳም ባል፣ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ፊቱ ጠቁሮ። ሰው ያላቸው ሀብታሞች ግን የነሱን ወደ ውጭ አሸሽተዋል ይባል ነበር። መጋቢት 2020 ላይ አገሪቱ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች።

ሐምሌ 2020 ማዳም ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ የሊራ ክምር አለ። 5,700,000 ሊራ። በመንግሥት ዋጋ፣ በ1,500 ሲመነዘር ልክ 3,800 ዶላር ይሆናል። ሒሳቡ አልጎደለም። ምንዛሪ ቤት ስሄድ ግን ዶላር 8,000 ሊራ ገብቷል። በእጄ የቀረው 712 ዶላር ነበር። 19 ወር መስኮት የወለወልኩበት፣ ሌሊት ከማዳም ሽማግሌ አባት ጋር የነቃሁበት። ማዳም አለቀሰች። እሷም የዕድሜ ልክ ቁጠባዋ ተበልቶባታል፣ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ፈልጊ አለችኝ።

እስኪ አሁን "የኔ ማዳም ጥሩ ናት" በዪኝ።

3. ሕዝቡ ሲናደድ ንዴቱ የት እንደሚያርፍ እዪ

ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እነግርሻለሁ። ባንክ ሲወድቅ የሰው ጠባይ በደረጃ ነው የሚለወጠው። እኔ ከበረንዳ፣ ከወጥ ቤትና ከሰልፍ ላይ ሆኜ አየሁት።

መጀመሪያ ሰው ይዘፍናል። አደባባይ ላይ ይጨፍራል፣ ባንዲራ ፊቱ ላይ ይቀባል፣ የማያውቀውን ያቅፋል። ነገ ሁሉ የሚስተካከል ይመስለዋል።

ቀጥሎ ባንክ በር ላይ ይሄዳል። ሐምራ በሚባለው የቤሩት ሰፈር የባንክ መስታወት ሲረግፍ ሰንብቶ ባንኮቹ ፊታቸውን በብረት ሸፈኑ። ዛሬም ስታልፊ የምታዪው ያ ብረት የዚያን ጊዜ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ላይ የሚጮኸውን ሽማግሌ አይቻለሁ፣ እሷም የራሷን ደመወዝ ማውጣት አልቻለችም።

ከዚያ ሰው ቤቱን ይዘጋል። ዘይት፣ ዱቄት፣ መድኃኒት ይሰበስባል። በ2021 ክረምት የቤንዚን ሰልፍ ሰፈሩን ይዞር ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ለጄኔሬተር ክፍያ ይጣላል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና በ2020፣ ንዴቱ ወደ ታች ወርዷል። ታች ያለነው እኛ ነን። ሰኔ ላይ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ሐዝሚዬ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው መሄድ ጀመሩ። እህቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ አደሩ። ብዙዎቹ ደመወዝ አልተከፈላቸውም፣ ፓስፖርት ያልያዙም ነበሩ። ምግብ ይዘን ሄደን ነበር። አንዷ እጄን ይዛ "ወርሃዊዬን ማክሰኞ እሰጥሻለሁ ብላኛለች፣ ማክሰኞ ትመጣ ይሆን?" አለችኝ። ምን ልበላት? ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ከዚያ ነሐሴ 4 ወደቡ ፈነዳ፣ ከ200 ሰው በላይ ሞተ፣ የኛ ነገር ጭራሽ ተረሳ።

አሁን ልብ በዪልኝ። መስከረም 2022 ቤሩት ውስጥ አንዲት ሴት አሻንጉሊት ሽጉጥ ይዛ ባንክ ገባች። የፈለገችው የራሷን ገንዘብ ነበር፣ ለእህቷ የካንሰር ሕክምና። 13,000 ዶላር ያህል ይዛ ወጣች። ሕዝቡ ጀግና አላት። እኔም ወንጀል ነው ብዬ አልፈርድባትም። ግን አስቢው። እሷ የአገሩ ልጅ ናት። ቋንቋውን ታውቃለች፣ ዘመድ አላት፣ ገንዘቡ ባንኩ መዝገብ ላይ አለ። እንዲህም ሆኖ ገንዘቧን ያገኘችው በዚያ መንገድ ነው። አንቺ በሰው ስም ያለ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ በቃል የተያዘ ደመወዝሽን በምን ልታወጪ ነው?

ስለዚህ፦ በየወሩ ተቀበዪ። ዶላር ብለው ከተዋዋሉሽ ዶላር። በሊራ ልስጥሽ ካሉ "በየትኛው ዋጋ?" ብለሽ ጠይቂ፣ የገበያው ዋጋ በስልክሽ አለ። የተቀበልሽበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፊ፣ እሷም ትፈርም። "ታኮርፋለች" አትበዪኝ። ታኩርፍ!

እጄ ላይ ካለ ያልቃል ካልሽ እቁብ ግቢ። ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ እኛ 10 ሴቶች በዶላር እቁብ ነበረን፣ በዚያ ሁሉ መዓት መካከል አልቆመም። ተዋውቀን ስለነበር የታመመችውን አስቀደምን፣ የተባረረችውን ጠበቅን።

4. አገር ቤት

እዚህም ተሳስቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ባንክ የሚባል ነገር ፈርቼ ያገኘሁትን በሙሉ ወደ አገር ቤት ላክሁ፣ ወንድሜ ስም፣ በብር። ቤት መሥሪያ ይሆናል አልን። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ብሩ አልጎደለም፣ እዚያው አለ። ብረትና ሲሚንቶ ሊገዛ ሲወጣ ግን ሊራውን ያየሁበት ጠረጴዛ መጣብኝ። ያው ታሪክ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተለወጠ።

ወንድሜን አልወቅሰውም። በሰው ስም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ለእናትሽ አስቤዛ፣ ለእህትሽ ትምህርት ቤት ላኪ። ቁጠባሽን ግን አትላኪ። በራስሽ ስም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንደምትችዪ ባንኮቹን ጠይቂ። "ዶላር ጨምሯል፣ አሁን ላኪ" ተብሎ ሲደወልልሽ "የራሴ ጉዳይ ነው" ማለት ልመጂ። ይከብዳል፣ እኔ 12 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያቺን የዶራዋን ልጅ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋት። መንገድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናኋት፦ "በዲ መዓሺ ኩል ሸህር"። ደመወዜን በየወሩ እፈልጋለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ በለሆሳስ አለችው፣ አፍራ መሬት መሬት እያየች። አይሆንም፣ እያየሽኝ በዪው አልኳት። አምስት ጊዜ አስደገምኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት ደግማ ነገረችኝ፣ ጮክ ብላ፣ ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ። ለማዳም ተናግራ ትደውልልኛለች፣ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም።