በረኛ ሆናችሁ አሰልጣኝ ለመሆን ለምታስቡ

አንድ የሚኒሶታ (የአሜሪካ ግዛት) ልጅ፣ የኮሌጅ አይስ ሆኪ (የበረዶ ላይ ሆኪ) በረኛ፣ «የሚወስደኝ ቡድን ካጣሁ አሰልጣኝ ብሆንስ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ያንን የ1989 (እ.ኤ.አ.) የዋንጫ ጨዋታ ቀሰቀሰብኝ።

ሮብ ስቶበር የሚኒሶታዋ ከተማ የዱሉዝ ልጅ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በረኛ ነበር። በ1988 ለኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሆቢ ቤከር ሽልማት ሲወስድ ከበረኞች የመጀመሪያው ሆነ። በዓመቱ ቡድኑ ለኮሌጆች ዋንጫ ከሃርቫርድ ጋር ተገናኘ፤ ያውም በደጁ፣ ሴንት ፖል ላይ። 3 ለ 3 ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ተገባ። የሚኒሶታው ራንዲ ስካርዳ የመታው ፓክ (በበረዶው ላይ የሚንሸራተተው ጠፍጣፋ ጎማ) የግቡን ቋሚ ገጭቶ ወጣ። ሃርቫርድ አስቆጠረና 4 ለ 3 አለቀ። በዚያች ቋሚ ዛሬም የሚንገበገብ የሚኒሶታ ሰው ሞልቷል። ወዲያ ማዶ ቋሚ የመታውን ፓክ በረኛ ምን ያድርገው? ቆሞ ከማየት በቀር።

ስቶበር ለሎስ አንጀለስ ኪንግስና ለቡፋሎ ሴበርስ፣ ለሁለት የፕሮፌሽናል ቡድኖች፣ ተጫውቶ፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲውን በረኞች አሠለጠነ። በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ላይ የአሜሪካ ሴቶች ዋና አሰልጣኝ ነበር። ከዚያ በፊት ካናዳ አራት ኦሎምፒክ በተከታታይ ወስዳ ነበር። ከካናዳ ጋር ለተደረገው ፍጻሜ በበረኛነት ያሰለፈው የ20 ዓመቷን ማዲ ሩኒን ነው። 2 ለ 2 አልቆ መለያ ምት ሲደርስ የካናዳዋን የሜገን አጎስታን የመጨረሻ ምት አዳነች፤ አሜሪካ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያ ወርቋን አገኘች። እንደገና ቆሞ ማየት ነው! የአሰልጣኙ ሥራ ያለቀው ከወራት በፊት በልምምድ ነውና።

የቡድን ልምምድ ደግሞ ለአጥቂ የተሠራ ነው። በረኛው አንዱን አድኖ ሳይነሳ ሌላው ስለሚመጣበት ተመላሹን (ከእሱ ነጥሮ የሚመለሰውን ፓክ) መከተል ይተዋል፤ በጨዋታ ቀን የሚገባበትም ተመላሹ ነው። ስለዚህ ከልምምድ በፊት 15 ደቂቃ ለምኑ። ግማሹን ያለ ፓክ፦ ከቋሚው ተገፍቶ መውጣት፣ ቀጥ ብሎ መቆም። ከዚያ ከአንድ ቦታ አምስት ምት ብቻ፣ ተመላሹ እስኪሞት ድረስ። ከሰማያዊው መስመር (የማጥቂያው ክልል ከሚጀምርበት) በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የተመታ ፓክ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ ሲመታ ገና የሚንሸራተት በረኛ አልቆለታል።

በጉልበቱ ሲወርድ በእግሮቹ መሃል የሚገባበትን ልጅ «እግርህን ዝጋ» ብላችሁ አትጩኹበት። ክርኑን እዩ። ዱላ የያዘው እጅ ወደ ጎኑ ኋላ ከሸሸ የዱላው ምላጭ (ጠፍጣፋው ጫፍ) ከበረዶው ይነሳል። እጁን ከሰውነቱ ፊት አውጡለት። ይህ ከፊት አይታይም፤ ከመረቡ ኋላ ሆናችሁ ቅረጹት። የዘንድሮ ልጆች ስልካችሁ ላይ ተዘርግቶ የዳነ ፓክ ብቻ ነው የምታዩት፤ ያ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ሰው ማካካሻ ነው።

እስከቻላችሁ ተጫወቱ። ግን ነገውኑ የሰፈር ልጆች ማሠልጠን ጀምሩ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ አውቃለሁ። ሦስተኛ በረኛ ከሆናችሁ ደግሞ የማየት ጊዜ አላችሁ። የአጥቂዎቹ ስብሰባ ላይ ግቡ፤ በረኛ ብቻ የሚያውቅ ዋና አሰልጣኝ አይሆንም። ጎል በገባ ቁጥር ፓኩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደከለለው፣ በረኛው ቆሞ እንደነበር ጻፉ። ወረቀቱን ግን በነጋታው አሳዩት እንጂ ያን ማታ አታንሱበት።