ይህ ድንጋይ ምንድነው? የአዳማ የድንጋይ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሶደሬ መልስ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘሁ። ምንድነው?

መልስ፦ ከገለጻህ ባልጩት ይመስላል፤ ኦብሲዲያን የሚባለው። የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስታወት ነው። ስስ ጠርዙን ወደ ፀሐይ አንሳው። ብርሃን ካሳለፈ ባልጩት ነው፤ ተራው ጥቁር ድንጋይ ግን አያሳልፍም። በስምጥ ሸለቆው ሞልቷል፣ ስለዚህ ብዙ ብር አትጠብቅ። ሲወለወል ግን በጣም ያምራል! ስትቆርጠው አትጫነው፣ ይፈረካከሳል። መነጽርም አድርግ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው አረንጓዴ ድንጋይ አምጥቶ «የሻኪሶ ኤመራልድ ነው» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀስ በይ። ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። መጀመሪያ ቅርጹን እዪ፤ ያልተሰበረ የኤመራልድ ክሪስታል ስድስት ጎን አለው። የሻኪሶው በጥቁር ቡናማ ሚካ (በስሱ የሚላጥ የሚያብለጨልጭ ማዕድን) ውስጥ ስለሚገኝ፣ ብልጭልጭ ቅርፊት ተጣብቆበት ቢሆን አይገርምም። ቀጥሎ ጥንካሬው፦ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ የኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ኤመራልድ ሊመስል የሚችለው የፍሎራይት ማዕድን 4 ብቻ። ቢላዋ ከጫረው ኤመራልድ አይደለም። መስታወትን መጫሩ ግን አያረጋግጥም፤ ኳርትዝ የሚባለው የተለመደ ጠንካራ ማዕድንም ይጭራል። በክብደት ለመለየትም አትልፊ፣ ኤመራልድና ኳርትዝ በጣም ይቀራረባሉ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አትጫሪ፤ ከፈቀደም በማይታየው ጎን ይሁን። የከበሩ ማዕድናት ባለሙያ በመሣሪያ ሳያየው አምስት ሳንቲም አትክፈይ።

ጥያቄ፦ የወገልጤና ኦፓሌን ሳጥበው ቀለሙ ጠፋ። ተበላሸ?

መልስ፦ አይዞህ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ የገነነው ይህ ኦፓል፣ ባለ ብዙ ቀለሙ የወሎ የከበረ ድንጋይ፣ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ጥላ ውስጥ ተወው፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቅከው ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይትና ባለቀለም ፈሳሽ በፍጹም አታስነካው።

ጥያቄ፦ ነጭ ድንጋይ፣ ኳርትዝ ወይስ ካልሳይት?

መልስ፦ ሎሚ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካወጣ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ነው።

ጥያቄ፦ ማሽን የለኝም፤ ድንጋይ መወልወል በእጅ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፣ ትዕግሥት ካለህ። በውሃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 220 (ሻካራው) ጀምረህ በ400፣ በ600 አድርገህ እስከ 1200 (ልስልሱ) ውጣ። የቀድሞው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ለባልጩት መጨረሻው ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የመወልወያ ዱቄት ነው፣ በእርጥብ ቆዳ ላይ። ሁልጊዜ በውሃ ሥራ፤ የኳርትዝና የአጌት (የኳርትዝ ዓይነት) ደረቅ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይድንም። ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው።