ፕሪንተር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ለቤት የሚሆን ፕሪንተር መግዛት እፈልጋለሁ። በወር ከ40 ገጽ በላይ አላትምም፤ እሱም በአብዛኛው የልጆች የቤት ሥራና የሚሞላ ቅጽ ነው። የበፊቱ ኢንክጄት ሁለት ወር ሳልነካው ስቆይ ቀለሙ እየደረቀ አማረረኝ። ባለታንክ (ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ) ብገዛ እገላገላለሁ?

መልስ፦ አይገላገሉም። ታንኩ የሚያቃልለው የቀለሙን ወጪ እንጂ መድረቁን አይደለም። ባለካርትሪጅም ሆነ ባለታንክ፣ ኢንክጄት ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው፤ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ቀለሙ እዚያው አፉ ላይ ይደርቃል። እንዲያውም በአንዳንድ ካርትሪጆች ላይ የሚረጨው ክፍል (ሄዱ) ከካርትሪጁ ጋር አብሮ ስለሚቀየር፣ ከተደፈነ አዲስ ካርትሪጅ አስገብቶ መገላገል ይቻላል። የባለታንኮች ሄድ ግን ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር የሚኖር ስለሆነ ከተበላሸ ወጪው ከበድ ይላል።

ለእርስዎ የሚሆነው ጥቁርና ነጭ ሌዘር ነው። ቀለሙ (ቶነር) ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ለወራት ቢቀመጥም የሚደርቅ ነገር የለውም። ባለቀለም ፎቶ አልፎ አልፎ ካስፈለገ ፎቶ ቤት ማሳተም ይረክሳል። ባለታንክ የሚያዋጣው በየሳምንቱ በቀለም ለሚያትም ሰው ነው።

ዋጋ ሲያወዳድሩ የማሽኑን ብቻ አይዩ። የቶነሩን ዋጋ ሳጥኑ ላይ ለተጻፈው የገጽ ብዛት ያካፍሉት፤ የአንድ ገጽ ወጪ የሚታወቀው ያኔ ነው። ያ የገጽ ብዛት ግን የወረቀቱ 5 በመቶ ያህል ብቻ በቀለም ሲሸፈን የሚገኝ ነው፤ ተራ ደብዳቤ ማለት ነው። ጥቁር መደብ ያለው ሰንጠረዥ ወይም ሥዕል የበዛበት የልጆች መልመጃ 20 በመቶ ቢሸፍን፣ 1,500 ገጽ የተባለው ቶነር 400 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣውም ቶነር ብዙ ጊዜ ማስጀመሪያ ነው፤ ከመደበኛው ግማሽ ያህሉን ብቻ ቢያትም አይደንግጡ፣ ማሽኑ ቶነር በላ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ አምስት ሰው የምንሠራበት ቢሮ ነው። በወር 2,000 ገጽ ያህል እናትማለን፤ ፊትና ጀርባ የታተሙ ውሎችንም ስካን እናደርጋለን። «በወር እስከ 20,000 ገጽ» የሚል ባለስካነር ሌዘር አግኝተናል። ከበቂ በላይ አይደለም?

መልስ፦ ያ ቁጥር ማሽኑ ሳይሰበር ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ እንጂ በየወሩ እንዲሠራ የታሰበለት መጠን አይደለም። መግለጫው ላይ ወረድ ብላችሁ የሚመከረውን ወርሃዊ መጠን ፈልጉ፤ ሻጮች ስለሱ ብዙም አያወሩም። ጣሪያው 20,000 የሆነ ማሽን የሚመከርለት 2,000 ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ገና ከጅምሩ ጫፍ ላይ ናችሁ፤ ቢያንስ 3,000 የሚመከርለትን ውሰዱ።

ስካነሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ሁለቱንም ገጽ ያትማል» ማለት ሁለቱንም ገጽ ስካን ያደርጋል ማለት አይደለም። ስካነሩ ላይ ያለው፣ ወረቀቱን በራሱ እየሳበ የሚያስገባው ክፍል አንድ ፊት ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ 12 ቅጠል ያለውን ውል መጀመሪያ ፊት ፊቱን ታስገባላችሁ፤ ቀጥሎ ገልብጣችሁ ጀርባ ጀርባውን። ከዚያ 1፣ 3፣ 5 በአንድ ፋይል፣ ጀርባዎቹ በሌላ ፋይል ይወጡና ቁጭ ብሎ ማደራረብ ነው። በአንድ ማለፊያ ሁለቱንም ፊት የሚያነብ መሆኑን መግለጫው ላይ አረጋግጡ። ለዚህ የሚጨመረው ገንዘብ ለእናንተ ይገባዋል።

ድራሙንም (ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈውን ሲሊንደር) ጠይቁ። በአንዳንድ ማሽኖች ድራምና ቶነር አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ በሌሎቹ ለየብቻ ናቸው። 12,000 ገጽ የሚያገለግል ድራም ቤት ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ እናንተ ዘንድ ግን ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። የወረቀት መያዣውም 250 ብቻ ከሆነ በወር ስምንት ጊዜ ትሞሉታላችሁ።

ሲተከል በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ኬብል ይሁን፤ ራውተሩ ላይም ቋሚ አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ያዙለት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ከሰጠው፣ ኮምፒውተሮቹ አሮጌውን እየፈለጉ «ኦፍላይን» ይላሉ፤ ብዙ ሰው ያኔ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ መሰካት ይቻላል?

መልስ፦ አይሰካም። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ፊውዘር ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ ሲሞቅም ለአፍታ ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ተራ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ የሚችለው ከ400 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ይጮህና ኮምፒውተሩንም ይዞ ይጠፋል። ሌዘሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት) ሌዘር ከ4,800 ዲፒአይ ኢንክጄት ያንሳል?

መልስ፦ ለጽሑፍ አያንስም። ተራ ወረቀት ላይ ፈሳሽ ቀለም ስለሚሰርግ የፊደሉ ጠርዝ ይሻክራል፤ የሌዘሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ትልቁ ቁጥር የሚጠቅመው በፎቶ ወረቀት ላይ ነው። የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት ግን ሌዘር ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ሽፋኑ ቀልጦ ፊውዘሩ ላይ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ባለታንኬ ነጭ መስመር እየጣለ ያትማል። ሄድ ክሊኒንግ (ማሽኑ ሄዱን በራሱ የሚያጸዳበትን) ደጋግሜ ባደርግም አልተስተካከለም። ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ (ቀዳዳዎቹ መርጨታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ገጽ) ያትሙና የትኛው ቀለም እንደተቆራረጠ ይዩ። አንድ ጊዜ ክሊኒንግ፣ ከዚያ እንደገና ኖዝል ቼክ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልመጣ ያቁሙ፤ አጥፍተው 12 ሰዓት ያህል ያቆዩትና እንደገና ይሞክሩ፤ የደረቀው ቀለም በዚያ መሃል ይለሰልሳል። ታንኩ ውስጥ ያለው ቀለም ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ግን ክሊኒንግ አያድርጉ፤ ቱቦው ውስጥ አየር ያስገባል።

በየክሊኒንጉ የሚመጠጠው ቀለም የሚሄደው ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ነው፤ እሱ ሞላ ሲባል ማሽኑ ማተሙን ያቆማል። ሌላ ለመግዛት ከወሰኑ ይህ ክፍል በባለቤቱ እጅ የሚቀየርበትን ሞዴል ይምረጡ። ማሽኑንም ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ ያጥፉት። ከሶኬት ሲነቀል ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳያርፍ መሃል መንገድ ክፍቱን ሊቀር ይችላል፤ የእርስዎም መድረቅ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።