የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊል ላይኖትን ማን ያስታውሰዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። 23 ዓመቴ ነው። የአየርላንዱን የሮክ ባንድ የቲን ሊዚን ሙዚቃ ካወቅኩት ገና አንድ ዓመቴ ነው፣ አሁን ግን ከጆሮዬ አይጠፋም። ቤዝ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ፊል ላይኖት እኔ ሳልወለድ መሞቱን ስሰማ አለቀስኩ። ታላቅ ወንድሜ «የማታውቀው ሰው ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ ሳቀብኝ። ለመሆኑ አገሩ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማልቀስህ አያሳፍርም። ድምፁን በየቀኑ እየሰማኸው እንዴት የማታውቀው ሰው ይባላል?

አስታዋሽ ደግሞ ሞልቶለታል። ያረፈው ጃንዋሪ 4 ቀን 1986 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 26 ቀን 1978፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው። በፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር ደብሊን ውስጥ ኮንሰርት ይዘጋጅለታል፤ ዘፈኖቹን ሌሎች ባንዶች ይጫወቱለታል፣ አድናቂዎቹም ከሌላ አገር ሳይቀር ይመጣሉ። ከግራፍተን ጎዳና ገባ ብሎ ሃሪ ስትሪት ላይ የነሐስ ሐውልት አለው፣ በቁመቱ ልክ የተሠራ፣ ቤዙን ይዞ የቆመ። የተመረቀው ኦገስት 19 ቀን 2005 ነበር (የእኛ ቡሄ ቀን መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ)፣ እናቱ ፊሎሜናና የድሮ የባንድ ጓደኞቹ ባሉበት። በ2019 ደግሞ የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለ70ኛ ዓመት ልደቱ መታሰቢያ የብር ሳንቲም አወጣ።

እኔን ከሁሉም በላይ የምትነካኝ ግን እናቱ ናት። ልጇን ከቀበረች በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች፣ መቃብሩን ስትንከባከብ፣ ከሩቅ የመጡ አድናቂዎቹን ደብሊን አጠገብ ሃውዝ በሚገኘው ቤቷ ስትቀበል፣ ስለ ልጇ ስታጫውታቸው። በ2019 በ88 ዓመቷ አረፈች። ልጅ የሞተባት እናት የማታውቃቸውን ሰዎች ሐዘን ከተቀበለች፣ ያንተ እንባ ምን ነውር አለው?

አንድ ነገር ግን አንደብቅ። የሄሮይን ሱስ ለዓመታት ሰውነቱን ጎድቶት ነበር። በ1985 የፈረንጆች ገና ዕለት ቤቱ ውስጥ ወደቀ፣ የደም መመረዝና የሳንባ ምች ልቡን አድክመውት በ36 ዓመቱ ሞተ። አንዳንድ አድናቂዎች ይህን የሮክ ሕይወት ጌጥ አድርገው ሲያወሩት እናደዳለሁ። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩት።

ጥያቄ፦ ፊል ላይኖት ጥቁር አሜሪካዊ ነው ወይስ አይደለም? ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አይደለም፣ የአየርላንድ ልጅ ነው። የተወለደው እንግሊዝ፣ ዌስት ብሮምዊች ውስጥ በ1949 ነው። እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ከብሪቲሽ ጊያና (ደቡብ አሜሪካ ካለችው የዛሬዋ ጉያና) የመጣ። ያደገው ደብሊን፣ ክራምሊን የሚባል ሰፈር አያቱ ሳራ ዘንድ ነው። በ1972 «ሳራ» የሚል ዘፈን ለአያቱ ሠራ፣ በ1979 ደግሞ በዚያው ስም ሌላ ዘፈን ለልጁ። በዚያ ዘመን ደብሊን ውስጥ ጥቁር ልጅ ሆኖ ማደግ ከባድ ነበር፤ እሱ ግን ከተማዋን የራሱ አደረጋት። መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው ዘፈንም «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር»፣ የአየርላንድ ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈን ነው።

ጥያቄ፦ ቤዝ መማር ጀምሬ ነበር፣ አስተማሪዬ «ለዚህ ዘግይተሻል» ስላለኝ ተውኩት። ገና 20 ዓመቴ ነው። የላይኖትን ሙዚቃ ስሰማ ግን እጄን ይበላኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያ አስተማሪ ተሳስቷል። ላይኖት ራሱ ቤዝ የያዘው 20 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ ያውም ከተባረረ በኋላ! ስኪድ ሮው በሚባል የደብሊን ባንድ ዘፋኝ ነበር፤ በ1969 አሰናበቱት። የባንዱ መሪ ብረሽ ሺልስ አዘነለትና ቤዝ አስተማረው፣ ፌንደር የተባለ ቤዝ ጊታርም በ36 ፓውንድ ሸጠለት። በዚያው ዓመት ከልጅነት ጓደኛው ከድራመሩ ብራያን ዳውኒ ጋር ቲን ሊዚን መሠረቱ።

በኋላ የታወቀበት ቤዝ ጥቁር ፌንደር ፕሪሲዥን ነው፣ ክሮቹ ስር ያለው ሽፋን መስታወት የሆነ። የመድረኩን መብራት በዚያ መስታወት እየመለሰ ሕዝቡ ላይ ያበራ ነበር። ቪዲዮዎቹን ፈልገሽ እይ፣ እየዘፈነ እንዴት እንደሚመታው ልብ በይ፤ አፉና ጣቶቹ የተለያየ ምት ይዘው ሲሄዱ ትገረሚያለሽ። ለመጀመር «ዳንሲንግ ኢን ዘ ሙንላይት» የተባለውን የ1977 ዘፈኑን ያዢ። የሚጀምረው በቤዝ ነው፣ ስለዚህ ጆሮሽ ቶሎ ያገኘዋል። ፍጥነቱን ቀንሰሽ ተለማመጂ፣ ቤዙን ሳታስቢበት መምታት ስትችዪ ብቻ መዝፈኑን ጨምሪበት። የዛሬ ሦስት ወር ጻፊልኝ፣ እስከ የት እንደደረስሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።